ጾም ባይሆንም ሽሮ ይኑር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴና ኮምቦልቻ የመጣ እንግዳ የት ቢበላ ይሻለዋል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደግ ሥራ ነው። ስለ አዲስ አበባ ምግብ ቤት የሚጽፍ ሞልቷል፤ ስለ እኛ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ጸሐፊው የወንበሩን ምቾት አይተዋል። የእጅ መታጠቢያው ሳሙና እንዳለው አይተዋል። ጥብሱ ይድረቅ ይለስልስ፣ አስተናጋጁ ይፍጠን ይዘግይ፣ ከሰገነቱ የጦሳ ተራራ ይታይ አይታይ፣ ሁሉንም ጽፈዋል። አንድ ነገር ግን ዘለሉ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንና ማን አብረው መብላት ይችላሉ? ወሎ ውስጥ ምግብ ቤት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚነሳው ይሄ ነው። የጥብሱ ጣዕም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሙስሊም ነኝ። ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ነው፤ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። ደረቅ ወደቡ አካባቢ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ወረቀት እሠራለሁ። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ የሐረጎ ቁልቁለትን በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ደሴ ላይ እስከ አንገት የተቆለፈው ጃኬት ግን ኮምቦልቻ ሲደረስ ክንድ ላይ ነው። ምሳዬን እንግዲህ ከቤት ውጭ ነው የምበላው። ምሳ ዕቃ ይዤ መሄድም ጀምሬ ነበር። ባልደረቦቼ ተቆጡኝ። «ብቻህን ልትበላ ነው?» አሉኝ። አስቀረሁት።

ምሳ የምንበላው አራት ሆነን ነው። ጋሽ ይመር ሾፌራችን ናቸው። ስማቸውን ብቻ የሰማ ሰው ሃይማኖታቸውን ለመገመት ይቸገራል። ክርስቲያን ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብን የማያጓድሉ። ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ሐጂ ነው። ወሎ ነው እንግዲህ፣ ምን ታደርገዋለህ። ጽጌ የሒሳብ ሠራተኛችን ናት፤ እሷም ክርስቲያን። ሰይድ የሚባለው ልጅ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ ተመርቆ በቅርቡ ነው የገባው፤ እሱ ከእኔ ወገን ነው። ሁለት በሁለት ነን ማለት ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እኔና ሰይድ «ቢስሚላህ» ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አንበላም። ጋሽ ይመርና ጽጌ «በስመ አብ» ተብሎ ያልታረደ አይበሉም። ለዚህ ነው ሥጋ ቤቱ ሁሉ በራፉ ላይ ወይ ጨረቃ ወይ መስቀል የሚስለው። በዚህ ጠብ የለም። ማንም ማንንም አይነቅፍም። የማይጠነቀቅ ሰውም አለ፤ እሱም የራሱ ጉዳይ ነው። የእኛ አራቱ ግን እንጠነቀቃለን። ጋሽ ይመር ስለ እኔ ሥጋ ከእኔ በላይ ይጠነቀቃሉ። አንድ ቀን አስተናጋጁ ሳህን አሳስቶ ፊቴ ሲያስቀምጥ እጁን የያዙት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕና ዓርብ እንግዲህ ለእኛ ሠርግ ነው። በየዓይነቱ አለ። አንድ ትሪ ይመጣል። ምስሩ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ ዙሪያውን ይደረደራል። መሐል ላይ ሽሮው እየተንተከተከ ይገለበጣል። ቃሪያው በሽንኩርት ተሞልቶ ጎን ላይ ይተኛል። አራታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጽጌ ሳታጎርስ አትነሳም። ሰይድ በመጀመሪያው ሳምንት አፍሮ ነበር፤ አሁን ራሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ይህን የምታዩት ረቡዕና ዓርብ ነው። በሁዳዴም በየቀኑ ነው።

ማክሰኞ ኑና እዩን።

«ጾም አለ?» እላለሁ። አስተናጋጁ ያየኛል። «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው!» ይለኛል፣ ቀን ጠፍቶብኝ የጠየቅኩ ይመስል። ሽሮስ? «ሽሮ አለ፣ ቦዘና ነው።» ቦዘና ሥጋ አለበት። የማን ሥጋ ነው? የቤቱ። ስለዚህ ግማሾቻችን ወጣን ማለት ነው። ጥብስ አለ፣ ቀይ ወጥ አለ፣ ቅቅል አለ፣ ዱለት አለ፣ ክትፎም አለ። ድንች ወጥ የለም። ምስር የለም። ተገትረን እንቆምና እንተያያለን። ከዚያ ሁለቱ ወደ መስቀሉ፣ ሁለቱ ወደ ጨረቃው። «ቡና ላይ እንገናኝ» ተባብለን እንለያያለን። አንዳንዴ ፓስታ በአትክልት ያድነናል። ግን ፓስታ በየቀኑ ይበላል? ደግሞም ፓስታ በየሳህኑ ነው የሚመጣው። አራት ሰው አራት ሳህን ይዞ አጎንብሶ ይበላል። ጉርሻ በሹካ አይሆንም፤ ጽጌ ሞክራው ሰይድን ጥርሱን ወግታዋለች።

አሁን ደግሞ የባሰው ጊዜ ላይ ነን። ሐምሳው ነው። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ረቡዕም የለ ዓርብም የለ፣ ሁሉም ፍስክ ነው። እኔ ሙስሊሙ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን የጾም አቆጣጠር ከብዙ ክርስቲያን ወዳጆቼ አሻሽዬ አውቃለሁ። ምሳዬ እሱ ላይ ተንጠልጥሏላ! ሁዳዴ ሲገባ ደስ የሚለው ሙስሊም አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ጽጌ ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ስትለኝ «ለእናንተ ደስታ፣ ለእኔ የሐምሳ ቀን ረሃብ» እላታለሁ። ትስቃለች። ቀልድ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም።

የባለቤቶቹን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም። ኮምቦልቻ ውስጥ አዘውትረን የምንሄድባት አንዲት እናት አለች። ቤቱ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ነው። ከባቲ በኩል የሚመጣው ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ታጥቦ የሚገባበት ዓይነት። የጥሩ ምግብ ቤት ምልክት እሱ ነው፣ ከፈለጋችሁ ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ያዙት። «እትዬ፣ ለምንድን ነው ማክሰኞ ሽሮ የሌለው?» አልኳት።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችኝ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «በየዓይነቱ ማለት ስምንት ድስት ነው። ጥብስ አንድ መጥበሻ ነው።»

ልክ ናት። ስምንት ድስት ስምንት ጊዜ ሽንኩርት ነው፣ ስምንት ጊዜ ዘይት ነው፣ ከሰሉም እንደዚያው። የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዋጋ ለእናንተ አልነግርም። በዚያ ላይ የኮምቦልቻ ሙቀት አለ። ደሴ ቢሆን ክክ አልጫው እስከ ማታ ይቆያል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ይኮመጥጣል። ሥጋው ካልተሸጠ ነገ ይሸጣል፤ ምስሩ ካልተሸጠ ይደፋል። ደግሞም ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ የበላ ሰው ከፋሲካ በኋላ ሽሮ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ይሄም እውነት ነው።

እኔ ግን ስምንት ድስት አልጠየቅኩም። ሽሮ ነው የጠየቅኩት። ሽሮ ዱቄት ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ይቀመጣል፤ አይኮመጥጥም፣ አይደፋም። ሰው ሲያዝዝ ቁሌቱ ላይ ውኃ ይጨመራል፣ ይበተናል፣ አለቀ። ጎመን ከጎኑ ከተገኘ ምስጋና ነው፤ ካልተገኘ ቃሪያና ቲማቲም ይበቃል። ይህንኑ ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። «የሽሮ ደንበኛ እኮ» አለች፣ «አንድ ሽሮ ለአራት ያዝዝና ጠረጴዛዬን ይዞ ሲያወራ ይውላል። ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ያየዋል። ያየኝና ይሄዳል።»

እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። እኛን ነው የምትለው። ጋሽ ይመር የድሮውን የአሰብ መንገድ ማውራት ከጀመሩ ወንበር ለማንም አይለቀቅም። በኋላ ግን አሰብኩበት። ጥፋቱ የሽሮው አይደለም፣ የወሬው ነው። ሽሮውን በሁለት ሰው ልክ ዋጋ አውጪለት፣ ትሪውን በሰው ብዛት አስከፍዪ፤ ማንም አይቀየምሽም። የጥብስ ሒሳብ ሁለት ሦስት ሽሮ ያበላል። ጥቂት ብንጨምር እንኳን ያዋጣናል። በሳምንቱ እንዲህ ብያት «እስቲ አየዋለሁ» ብላኛለች። ክፉ መልስ አይደለም።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ በኩል በሸክላ ተጋቢኖ ብቻ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ጓዳ የሚያካክሉ ቤቶች አሉ። ሰሌዳ የላቸውም። አግዳሚ ወንበር ነው፤ ጉልበትህ ከማታውቀው ሰው ጉልበት ጋር ይነካካል። ፍስክም ይሁን ጾም ሽሮው አለ፤ ሥጋ ግን እዚያ ዝር አይልም። ቅቤ ለሚፈልግ በቅቤ፣ ለሚጾም በዘይት። ሸክላው ለየብቻ ነው፣ ጭልፋውም ለየብቻ ነው። እዚያ ቤት የሰው ሃይማኖት አይጠየቅም፤ «በቅቤ ነው በዘይት?» ነው ጥያቄው። ከእነሱ አንዱም በእናንተ ጽሑፍ ውስጥ አልገባም። መኪና ማቆሚያ ስለሌላቸው ይሆናል።

በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ከገባ በኋላ፣ ሰዉ ተመልሶ ቤቱን ሲከፍት፣ እኔ ባየሁት ቀድመው እሳት ያነደዱት እነዚህ ዓይነት ቤቶች ናቸው። ትልልቆቹ ፍሪጅና ወንበር እስኪገዙ ወራት ፈጀባቸው። ለሽሮ አንድ ሸክላና አንድ ከረጢት ዱቄት ይበቃል። አሁን መንገዱ ሲሰፋና ከተማው ሲታደስ እንዲህ ያሉት ወደ ውስጥ እየገፉ ነው። በቦታቸው መስታወት ያለው ካፌ ይከፈታል። በርገር አለው። በርገሩ የማን ሥጋ እንደሆነ ግን አስተናጋጁ ራሱ አያውቅም፤ ጠይቄ ነው።

ቁርስ ላይ ችግር የለብንም፣ ይሄም ይጻፍልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፉል በዳቦ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ ፈጢራ ከማር ጋር። ፍስክ ለሆነ ቀን ሁሉም ሰው ሁሉንም ይበላል። ጮርናቄና ሻይ ደግሞ ጾሙንም ፍስኩንም አይመርጥም። ሰው በቁርስ አንድ ሆኖ በምሳ የሚለያይበት ከተማ እንዴት ያለ ነው እያልኩ እገረማለሁ።

ዓሣም ሌላው መውጫችን ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ሐይቅ ከተማ ትደርሳለህ። ዓሣ ቢላዋና ጸሎት አይጠይቅም፤ ከውኃው ሲወጣ የሁላችንም ነው። የቆሮሶ ጥብስ ከነአጥንቱ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ሐይቁን እያዩ። እሑድ ከሆነ ቤተሰብ ይዘን እንሄዳለን፤ የጽጌ ልጆችና የእኔ ልጆች ከአንድ ሳህን ይሻማሉ። ጸሐፊያችሁ ሐይቅን በሁለት መስመር ነው ያለፉት። ቢያንስ አንድ አምድ ይገባው ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዓሣው የተጠበሰበት ዘይት ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን ጠይቁ። ሳታፍሩ ጠይቁ። ጥሩ ቤት ሲጠየቅ አይቆጣም፤ መጥበሻውን አምጥቶ ያሳያል።

ሁዳዴና ረመዳን ሲገናኙም አይተናል። በ2017 ሁለቱም በየካቲት ገቡ። በ2018ማ ጭራሽ ሁዳዴው የካቲት 9፣ ረመዳኑ የካቲት 11፤ ሁለት ቀን ነው ልዩነቱ። በነዚያ ሳምንታት ማታ ማታ የደሴን መንገድ አይታችኋል? አዛን ሲል ሸዋ በር በኩል ሳምቡሳ የማይጠብስ ቤት የለም። የምስር ሳምቡሳ ነው። ዘይቱ የጾም ነው። እኔ በቴምር አፈጥራለሁ፣ ጋሽ ይመር ከጎኔ ቆመው ያንኑ ሳምቡሳ ይበላሉ። ሁለታችንም ጾመኞች፣ ሁለታችንም ከአንድ ብረት ምጣድ። እኔ እንግዳ ወደ ደሴ ጋብዝ ብባል በዚያ ሰሞን ነው የምጋብዘው።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር ዘዴ ነበራቸው፤ አሁንም ድግስ ላይ አለ። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ዘመዶቹ በሬ ወይም በግ ለብቻ ያቆማል። ከነሱ አንዱ ይመጣና ያርዳል፣ ሴቶቻቸው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ። ዳሱ ሁለት ነው፣ ዘፈኑ አንድ ነው። ደሴ ራሷ የግብር ከተማ ናት። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ሰው ሊያበሉበት ነው። እሳቸው ራሳቸው ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነው ክርስትና የተነሡት። በዚህ አገር ሁለት ድስት መጣድ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ደጋሹ ለአንድ ቀን የሚችለውን ምግብ ቤቱ ለምን አይችልም? ድግስ ትርፍ የለውም፣ እሱ ያተርፋል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ሁለቱንም ሥጋ የሚሸጥ ቤት ይከፈት» ይላሉ። እኔ አላምንበትም። ሁለት ማብሰያ ቤት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት አብሳይ ይፈልጋል። ገበያው ሲጦፍ አስተናጋጁ ይሳሳታል፤ አንዴ የተሳሳተ ቤት ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ወገን ያጣል። ሽሮው ይቀላል። ሽሮው ርካሽም ነው፤ ለተማሪውም ይሆናል፣ ደም ብዛት ኖሮበት ሐኪም ሥጋ ለከለከለውም ይሆናል፣ በወር መጨረሻ ኪሱ ለሳሳብንም ይሆናል። ሥጋ የማይበላ የውጭ አገር ሰውም ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ደሴ ያድራል። ማክሰኞ ቀን ሩዝ በኬቻፕ ሲበላ አይቼዋለሁ፤ አሳዘነኝ።

ስለዚህ ለጋዜጣው አንድ፣ ለባለ ምግብ ቤቶቹ አንድ ልመና አለኝ። ጸሐፊያችሁ ሌላ ጊዜ ሲመጡ በፍስክ ቀን ይምጡና «ጾም አለ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከእያንዳንዱ ቤት ስም አጠገብ ይጻፉት። ከወንበሩ ምቾት ይልቅ ያንን ነው የምንፈልገው። ከሰባት ሰዓት በፊት ግን ይድረሱ፤ ጥሩው ሽሮ ቤት ቶሎ ነው የሚያልቅበት።

ባለ ምግብ ቤቶች፣ እናንተን ደግሞ በሐምሳው አልጨቀጭቃችሁም። ሰዉ ሥጋ አምሮታል፤ ይብላ። ግንቦት 24 የሰኔ ጾም ይገባል፣ ድስቱም በራሱ ጊዜ ይጣዳል። ሐምሌ 5 ጾሙ ሲፈታ ግን አታውርዱት። አንዱን ብቻ፣ የሽሮውን። ነሐሴ 1 ፍልሰታ እስኪገባ አንድ ወር እንኳን የለም፤ ሞክሩትና ካላዋጣችሁ ያን ጊዜ አውርዱት። እኛ አራታችን ማክሰኞ ማክሰኞ እንመጣለን። ቶሎ በልተን እንነሳለን፤ ጋሽ ይመርንም እኔ እይዛቸዋለሁ።

ሰ. ዓ.
ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ
ግንቦት 2018